አዲሱ ሚዛን ሦስት አሃዝ ያሳያል፤ ታዲያ የቱን ልመን?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «አሰላሙ አለይኩም። ደሴ ውስጥ ከአባቴ የተረከብኩት ትንሽ ወርቅ ቤት አለኝ። እስካሁን የምሠራበት ሚዛን ከነጥብ በኋላ ሁለት አሃዝ የሚያሳይ ነው። በየጊዜው በመፈተሻ ድንጋዩ (ክብደቱ በታወቀ የሚዛን ድንጋይ) አስተካክለዋለሁ። በቅርቡ ሦስት አሃዝ የሚያሳይ፣ እስከ 50 ግራም የሚመዝን አዲስ ሚዛን ገዛሁ። ሻጩ ‹ይሄ በጣም ሴንሲቲቭ ነው፤ ከድሮው የበለጠ ትክክል ነው› አለኝ። ከሣጥኑ አውጥቼ በቀጥታ መጠቀም ጀመርኩ። አንድ ቀለበት በድሮው ላይ 12.46 ግራም ነው። አዲሱ ላይ ግን 12.429 ይላል። እሱም አይረጋም፤ አንዴ 12.427፣ አንዴ 12.431 ይላል። የወርቅ ብናኝ ጠብ ጠብ ሳደርግበት ደግሞ አንዳንዴ ምንም አይቆጥርም። ደንበኛ ፊት አፈርኩ። የቱን ልመን? ሴንሲቲቭ ማለትስ ምን ማለት ነው?»

ወአለይኩም አሰላም ወንድሜ። አብሽር፣ ሚዛንህ አልተበላሸም። እኔ ኮምቦልቻ ላይ በመለኪያ መሣሪያ ጥገናና ካሊብሬሽን (በታወቀ ልክ ፈትሾ ማስተካከል) ሥራ ነው የምተዳደረው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከወርቅ ቤትም፣ ከመድኃኒት ቤትም፣ ከፋብሪካ ላቦራቶሪም ይመጣልኛል። መልሱን አስቀድሜ ልንገርህ፤ ለጊዜው ድሮውን እመን። አዲሱ የበለጠ ስሱ (ሴንሲቲቭ) መሆኑ እውነት ነው። የበለጠ ትክክል ነው የተባለው ግን ገና አልተረጋገጠም። ከጻፍካቸው ቁጥሮች ስነሳ ስህተቱ ያለው አዲሱ ጋ ነው። ደግነቱ፣ አንድ ጠዋት ሱቅ ከመክፈትህ በፊት የምታስተካክለው ነገር ነው።

ሻጩ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርጎ ነው የሸጠልህ። ስሱነት ማለት መሣሪያው ለትንሽ ለውጥ ምን ያህል ምላሽ ይሰጣል ማለት ነው። ሳህኑ ላይ አንድ ሚሊግራም ስትጨምር ንባቡ ይንቀሳቀሳል? ከተንቀሳቀሰስ በስንት? ስሱነት እዚህ ላይ ያበቃል። ትክክለኛነት ደግሞ ንባቡ ከእውነተኛው ክብደት ጋር ይገጥማል ወይ የሚለው ነው። ሰከንድ የሚቆጥር የእጅ ሰዓት አሥር ደቂቃ ወደኋላ ሊቀር ይችላል። ሰከንድ የሌለው የግድግዳ ሰዓት ደግሞ ልክ ሊሆን ይችላል። አዲሱ ሚዛንህ እያንዳንዷን ሚሊግራም እየለየ የተሳሳተ ቁጥር እየነገረህ ነው።

ከነጥብ በኋላ የሚታዩት አሃዞች ደግሞ ለብቻቸው ሌላ ጉዳይ ናቸው። አሃዙ የማሳያው እርምጃ ነው። አምራቹ ስክሪኑ ላይ ሦስት አሃዝ አስቀመጠ ማለት ውስጡ ያለው መሣሪያ ሦስተኛዋን አሃዝ በእርግጥ ይለያታል ማለት አይደለም። ርካሽ ሚዛኖች ላይ የመጨረሻዋ አሃዝ ብዙ ጊዜ ጌጥ ናት። ያንተው ላይ ጌጥ ትሁን ወይም ሥራ የምትሠራ ትሁን የምትፈትሽበትን መንገድ ወደ ታች እነግርሃለሁ። ወረቀትና መቀስ ብቻ ነው የሚፈልገው።

በቅድሚያ ለምን እንደሚዋልል ልንገርህ።

የአንተ ዓይነት ሚዛን ውስጥ ሎድ ሴል የሚባል ትንሽ የአሉሚኒየም ዘንግ አለ። መሐሉ ተበስቷል። በላዩ ላይ ስትሬን ጌጅ የሚባሉ ስስ ስስ ሬዚስተሮች ተለጥፈዋል። ቀለበቱን ስታስቀምጥ ዘንጉ በዓይን በማይታይ መጠን ይጎብጣል። ሬዚስተሮቹ ይሳባሉ ወይም ይጨመቃሉ፤ የኤሌክትሪክ መቋቋማቸው ይለወጣል። ከዚያ ቮልቴጅ ይወጣል፤ ሚዛኑ ያንን ቮልቴጅ ወደ ግራም ተርጉሞ ያሳይሃል። የተለመደው ሎድ ሴል ሙሉ ጭነቱን ሲሸከም በተሰጠው በእያንዳንዱ ቮልት 2 ሚሊቮልት ገደማ ይመልሳል። 5 ቮልት ከሰጠነው ሙሉ 50 ግራም ሲጫንበት የሚሰጠው 10 ሚሊቮልት ብቻ ነው ማለት ነው። አሁን አካፍለው። ለአንድ ግራም 0.2 ሚሊቮልት ይደርሳል። ለአንድ ሚሊግራም ደግሞ 0.2 ማይክሮቮልት፤ አንድን ቮልት ለአምስት ሚሊዮን ከፋፍለህ ከዚያ አንዷን ቁራጭ እንደማለት ነው። ሦስተኛዋ አሃዝ እንድትታይ ሚዛኑ ይህችን ቁራጭ መለየት አለበት።

እንዲህ ያለ ጥቃቅን ነገር የሚያይ መሣሪያ ሌላውንም ሁሉ ያያል። በር ሲከፈት የሚገባውን ነፋስ ያያል። ደሴ ላይ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው የጠዋት ንፋስ ምን እንደሚመስል አንተ ታውቀዋለህ። በዋናው መንገድ የሚያልፈውን ከባድ መኪና በጠረጴዛው በኩል ያያል። ክርንህን ባንኮኒው ላይ ስትጥል ያያል። ገና ተበይዶ ያልቀዘቀዘ ቀለበት ካስቀመጥክበት በቀለበቱ ዙሪያ የሞቀው አየር ወደ ላይ ይነሳል፤ ያ አየር ሳህኑን ትንሽ ያነሳዋል፤ ቀለበቱ ከእውነተኛው ክብደቱ ቀልሎ ይታያል። ይሄ ለወርቅ ሠሪ ትልቅ ነገር ነው። ታጥቦ በደንብ ያልደረቀ ሀብል ደግሞ ውሃው እየተነነ ስለሚሄድ ንባቡ ቀስ በቀስ ይወርዳል። በጋ ላይ አየሩ ሲደርቅ በፌስታል ወይም በናይለን የተያዘ ዕቃ የኤሌክትሪክ ሙል ይይዛል፤ እሱም ሳህኑን ይስበዋል ወይም ይገፋዋል። ድሮው ሚዛንህ እነዚህን ሁሉ ሳያያቸው ነበር የሚያልፈው። እርምጃው 10 ሚሊግራም ስለሆነ 2 ሚሊግራም መንቀጥቀጥ አይታይበትም።

ስለዚህ ከ12.427 እስከ 12.431 መዋለሉ አያስፈራህ። 4 ሚሊግራም ስፋት ነው። መከለያ በሌለው ሱቅ ውስጥ ለዚህ ዓይነት ሚዛን የተለመደ ነው። ሊያሳስብህ የሚገባው ሌላኛው ቁጥር ነው፤ በሁለቱ ሚዛኖች መካከል ያለው የ0.03 ግራም ልዩነት። እሱ መዋለል አይደለም። ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ስህተት ነው። ዛሬ ባለው የወርቅ ዋጋ ደግሞ 0.03 ግራም በየቀለበቱ ቢጠፋብህ ቀልድ አይደለም።

ከየት መጣ? እዚህ ላይ ትንሽ ታገሰኝ፤ ከጥያቄህ ሁሉ ይሄኛው ነው ብዙ ሰው የማያውቀው።

ዲጂታል ሚዛን በቀጥታ ግራም አይለካም። የሚለካው ቀለበቱ ሳህኑን ወደ ታች የሚጫንበትን ኃይል ነው። ያ ኃይል የሚመጣው ከመሬት ስበት ነው። ስበት ደግሞ በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። በምድር ወገብ አካባቢ በባሕር ጠለል ላይ 9.78 ሜትር በሰከንድ ካሬ ገደማ ነው፤ ወደ ዋልታዎቹ ስትሄድ እስከ 9.83 ይደርሳል። ከፍታ ላይ ስትወጣም ይቀንሳል። ደሴ ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፤ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2500 ሜትር ላይ ተቀምጣለች። በሁለቱም ምክንያት ስበቷ ከ9.78 ትንሽ ዝቅ ይላል። ቤጂንግ ላይ 9.80 ነው። ጀርመን ላይ 9.81 ገደማ ነው።

አሁን እናስላው። ሚዛንህ ቤጂንግ አካባቢ ባለ ስበት ተስተካክሎ ደሴ ላይ ያለ ካሊብሬሽን ሥራ ከጀመረ፣ ሁሉን ነገር ወደ 0.25 በመቶ አቅልሎ ያሳያል። የ12.46 ግራም 0.25 በመቶ 0.031 ግራም ነው። ቀንሰው፤ 12.429 ይመጣል። አንተ የጻፍክልኝ ቁጥር ራሱ ነው። ጀርመን ላይ ተስተካክሎ ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ 0.04 ግራምን ያልፍ ነበር። ይሄ ስሌት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ስትሬን ጌጁ በጉዞ ላይ ተናግቶ፣ ወይም ፋብሪካው ራሱ በደንብ ሳያስተካክለው ቀርቶም ሊሆን ይችላል። ግን ለሦስቱም መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ሚዛኑን በሚሠራበት ቦታ፣ በታወቀ ክብደት ካሊብሬት ማድረግ። ድሮውን ሚዛን አንተ ራስህ ደሴ ላይ በመፈተሻ ድንጋይ ስለምታስተካክለው የደሴን ስበት «ያውቀዋል»። አዲሱን ማንም አልነገረውም።

ይሄን ካወቅህ ወዲያ የሚከተለው አይገርምህም። ደሴ ላይ ያስተካከልከውን ሚዛን ይዘህ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደህ ኮምቦልቻ ብትመዝንበት ከ600 ሜትር በላይ ወርደሃል። ስበቱ በጥቂቱ ይጨምራል። 50 ግራም ወርቅ ከ6 እስከ 10 ሚሊግራም ከብዶ ይታያል። በቀለበትህ ላይ ልዩነቱ 2 ሚሊግራም ገደማ ነው። ባለ ሁለት አሃዙ ሚዛን አብዛኛውን ጊዜ ይሄን አያየውም። ባለ ሦስት አሃዙ ያየዋል። ሰኞ ሰኞ ለገበያ ወደ ባቲ የምትወርድ ከሆነ ቁልቁለቱ ከዚህም ይብሳል። ስሱ ሚዛን ይዞ የሚዞር ሰው ድንጋዩንም ይዞ መዞር አለበት የምለው ለዚህ ነው። ሚዛኑን ባስቀመጥክበት ቦታ ሁሉ እንደ አዲስ ታስተካክለዋለህ።

የአያቶቻችን ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ይሄ ችግር አልነበረበትም። በአንዱ ሳህን ወርቅ፣ በሌላው ድንጋይ ይደረጋል። ስበቱ ሲቀንስ ለሁለቱም እኩል ይቀንሳል። ደሴም ባቲም ላይ አንድ መልስ ይሰጣል። ያን ጊዜ ማርትሬዛ ብር ገንዘብም የሚዛን ድንጋይም ነበር። አንዱ ብር 28.07 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ወርቅ የሚመዘንበት ወቄትም በዚሁ ልክ ነበር። የዚያ ሚዛን ስሱነት ከምን እንደሚመጣ ማወቅ ለአንተም ይጠቅምሃል። ዘንጉ ረዘምና ቀለል ካለ ስሱ ይሆናል። ዘንጉ የሚንጠለጠልበት ስለት አለ፤ የዘንጉ የክብደት ማዕከል ከዚያ ስለት በታች፣ ግን በጣም ቅርብ ሲሆን ሚዛኑ ይበልጥ ስሱ ይሆናል። እያቀረብከው በሄድክ ቁጥር ለትንሽ ብናኝ ብዙ ያዘነብላል። ግን በዚያው ልክ መወዛወዙ ይዘገያል፤ እስኪረጋ ረጅም ጊዜ ትጠብቃለህ። ማዕከሉ ከስለቱ በላይ ካለፈ ደግሞ ጭራሽ ይገለበጣል። ስሱነት ነፃ አይደለም። ዋጋው ትዕግሥት ነው። ይሄ ሕግ ለባለ ሁለት ሳህኑም ለዲጂታሉም ይሠራል። ዲጂታሉ ብዙ ንባቦችን ሰብስቦ አማካይ እየሠራ ነው የመጨረሻዋን አሃዝ የሚያረጋጋት፤ ለዚያ ጊዜ ይፈልጋል። ቁጥሩ ገና እየሮጠ ሳለ «ስንት ነው?» ብሎ የሚያቻኩል ደንበኛ ቢመጣ፣ ትንሽ ይታገስ።

አሁን ወደ ብናኙ እንምጣ። ብናኝ ጠብ ጠብ ስታደርግ ሚዛኑ ምንም አይቆጥርም ብለሃል። ብዙ ሰው ይሄን ሲያይ «ስሱ አይደለም ማለት ነው» ይላል። ነገሩ ሌላ ነው። ዲጂታል ሚዛኖች ውስጥ ዜሮን የሚጠብቅ ፕሮግራም አለ። ሳህኑ ባዶ ሆኖ ንባቡ በሙቀት ወይም በአቧራ ምክንያት ቀስ እያለ ከዜሮ ሲሸሽ፣ ፕሮግራሙ ዝም ብሎ ወደ ዜሮ ይመልሰዋል። አንተ ደግሞ ከዜሮ ተነስተህ በጣም ትንሽ በትንሽ ስታፈስበት ፕሮግራሙ ብናኝህን እንደ አቧራ ይቆጥረዋል። በጨመርክ ቁጥር ዜሮ ያደርገዋል። ወርቅህ ሳህኑ ላይ አለ፤ ስክሪኑ 0.000 ይላል። ብዙ ሚዛኖች ሳህን ወይም ብርጭቆ አስቀምጠህ በቁልፉ ዜሮ ካደረግከው በኋላም ይሄንኑ ያደርጋሉ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ብናኙን አስቀድመህ ወረቀት ላይ ሰብስበህ በአንዴ አስቀምጠው። ወይም ሳህኑ ላይ አንድ ክብደት ያለው ነገር አስቀምጥ፣ ለምሳሌ ቀለበት፤ ዜሮ አታድርገው፤ ንባቡን ጻፈው። ከዚያ በላዩ ብናኙን ጨምርና ቀንስ። ዜሮ ላይ ስላልቆመ ፕሮግራሙ አይነካውም። ከደንበኛ ብናኝ ስትቀበል እንዲህ ካላደረግክ ደንበኛህ ይጎዳል፤ ስትሰጥ ደግሞ አንተ ትጎዳለህ።

ከዚህ በኋላ ያለው የእጅ ሥራ ነው። ጠዋት፣ መኪናና ሰው ሳይበዛ ጀምር። ሚዛኑን ከባድና የማይነቃነቅ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፤ ተንቀሳቃሽ የመስታወት መደርደሪያ ላይ አይሆንም። የውሃ ልክ ካለው አረፋዋን መሐል አስገባት፤ ሚዛኑ ካዘነበለ ጭነቱ ሁሉ በዘንጉ ላይ በቀጥታ አያርፍም፣ ቀልሎ ያነባል። አብርተህ ግማሽ ሰዓት ያህል ተወው፤ ኤሌክትሮኒክሱ ሞቆ መርጋት አለበት። የመስታወት መከለያ ከሌለው አንድ ንጹሕ ግልጽ ሣጥን ገልብጠህ ድፋበት፤ ሳህኑን እንዳይነካው ብቻ ተጠንቀቅ። ይሄ ብቻውን መዋለሉን በግማሽ ይቀንሰው ይሆናል።

ቀጥሎ በመመሪያው መሠረት ካሊብሬት አድርገው። የምትጠቀምበት ድንጋይ ግን የዚህን ሚዛን አቅም የሚመጥን ይሁን። መፈተሻ ክብደቶች ደረጃ አላቸው። ባለ 50 ግራሙ ኤም1 ከሆነ እስከ 3 ሚሊግራም ሊሳሳት ይፈቀድለታል። ኤፍ2 ከሆነ 1 ሚሊግራም፣ ኤፍ1 ከሆነ 0.3 ሚሊግራም ነው። ኤም1 ለድሮው ሚዛንህ ከበቂ በላይ ነው። ለአዲሱ ግን ሦስተኛዋን አሃዝ ከእውነት ጋር ለማገናኘት ቢያንስ ኤፍ2 ያስፈልግሃል። ከሚዛኑ ጋር ሣጥኑ ውስጥ የሚመጣው ድንጋይ ብዙ ጊዜ ደረጃ የለውም። ድንጋይህን በባዶ እጅ አትንካው፤ የጣት ቅባትና ላብ ክብደት ናቸው። በትንሽ ወረንጦ ወይም በጨርቅ ያዘው። ድንጋዩ ራሱ በየጊዜው መፈተሽ አለበት፤ የድንጋይ ካሊብሬሽን አዲስ አበባ የኢትዮጵያ ስነ-ልክ (የልኬት ሳይንስ) ኢንስቲትዩት ይሠራል።

ካሊብሬት ካደረግክ በኋላ ያን ቀለበት አምስት ጊዜ መዝነው። በየመሐሉ አንሣው፣ ዜሮ መሆኑን አረጋግጥ፣ መልሰህ አስቀምጠው። አምስቱንም ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፍ። ትልቁን ከትንሹ ቀንስ። ያ ልዩነት የሚዛንህ የመደጋገም ጥንካሬ ነው። 3 ሚሊግራም ከሆነ፣ ስክሪኑ ምንም ይበል ምን፣ ከ3 ሚሊግራም በታች ያለ ልዩነት በአንድ ምዘና ልትለይ አትችልም። ቀለበቱን ሳህኑ መሐል ላይም፣ ወደ ዳር ዳርም አድርገህ ሞክር። ዳር ላይ የተለየ ቁጥር ካመጣ ከእንግዲህ ሁልጊዜ መሐል ላይ አስቀምጥ።

አሁን ስሱነቱን ራሱን ፈትሽ። የተለመደ የፎቶ ኮፒ ወረቀት አምጣ፤ ማሸጊያው ላይ በካሬ ሜትር 80 ግራም የሚል። ሙሉው ኤ4 ወረቀት 5 ግራም ገደማ ይመዝናል። አንድ ሴንቲ ሜትር በአንድ ሴንቲ ሜትር አድርገህ አምስት ቁራጭ በጥንቃቄ ቁረጥ። እያንዳንዷ 8 ሚሊግራም ገደማ ናት። ቀለበቱን አስቀምጥ፣ ዜሮ አታድርግ፣ እስኪረጋ ጠብቅ። አንዷን ቁራጭ በወረንጦ ጨምር። በ0.008 አካባቢ ከፍ ካለ ሚዛንህ በእርግጥ ያያታል። ሁለተኛዋን ጨምር፤ 0.016 አካባቢ መሆን አለበት። አምስቱም ሲገቡ 0.040 አካባቢ። ከዚያ አንድ በአንድ አንሳቸው። ሲወርድም በመጣበት መንገድ መመለስ አለበት። ቁጥሩ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁራጮች ሳይነቃነቅ ቆይቶ በሦስተኛዋ በአንዴ ከዘለለ ሦስተኛዋ አሃዝ ጌጥ ናት፤ ሻጩ ጋ መመለስ መብትህ ነው። ይሄንኑ በድሮው ሚዛን ሞክረው። በአንዷ ቁራጭ አንዴ ይንቀሳቀሳል፣ አንዴ አይንቀሳቀስም፤ እርምጃው 10 ሚሊግራም ስለሆነ ልክ ነው፣ ጥፋት የለበትም።

ከሚዛኑ ጀርባ ያለችውን ትንሽ የጽሑፍ ሰሌዳ አንብበሃት ታውቃለህ? «ማክስ» የሚል አለ፤ ከፍተኛው ጭነት ነው። «ሚን» ካለ ከዚያ በታች አትመዝን ማለት ነው። ከዚያ ሁለት ትንንሽ የላቲን ፊደላት ትፈልጋለህ፤ «ዲ» እና «ኢ» ተብለው የሚነበቡትን። «ዲ» ስክሪኑ የሚያሳየው እርምጃ ነው። «ኢ» ግን ለንግድ ሲመዘን ሚዛኑ የሚፈተሽበት እርምጃ ነው። «ዲ» 0.001 ግራም፣ «ኢ» 0.01 ግራም የሚል ብዙ ጥሩ ሚዛን አለ። አምራቹ በቅንነት እየነገረህ ነው፤ ሦስት አሃዝ አሳይሃለሁ፣ ለግብይት የምመሰክርልህ ግን በሁለተኛው ነው። በ1955 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የሕጋዊ ስነ-ልክ ድርጅት ሚዛኖችን በአራት ክፍል ይከፍላል፤ በብዙ አገር ለወርቅ የሚጠየቀው ሁለተኛው ክፍል ነው። የዚህ ክፍል ሚዛን «ኢ» 0.01 ግራም ከሆነ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመረመር እስከ 50 ግራም ድረስ ከ0.005 ግራም በላይ እንዲሳሳት አይፈቀድለትም። ሰሌዳዋ ላይ «ዲ» ብቻ ተጽፎ ክፍልም «ኢ»ም ከሌለ ሚዛኑ ለንግድ ታስቦ አልተሠራም። ለሥራ ቤት ይሁን፤ ለደንበኛ አታውጣው። በዚህ ላይ ጠንካራ አቋም አለኝ። ሁለቱም ወገን ያመነበት ቁጥር ከሌለ ወርቅ ንግድ አይቆምም።

ሴንሲቲቭ ማለት ምን ማለት ነው ላልከው፣ ይሄ የሚዛን ብቻ ጉዳይ አይደለም። በሜርኩሪ የሚሠራ ቴርሞ ሜትር ቀጭን ቱቦና ትልቅ ጉልላት ካለው ለአንድ ዲግሪ ብዙ ከፍ ይላል፤ ግን ጉልላቱ ትልቅ ስለሆነ ለመሞቅ ይዘገያል። ሬዲዮ ጠጋኞች በሚይዙት ባለ መርፌ የኤሌክትሪክ መለኪያ ላይ «20,000 ኦም በቮልት» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ኦም የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው። ያ የስሱነቱ መጠን ነው፤ መርፌዋ እስከ ጫፍ ለመሄድ 50 ማይክሮአምፒር የኤሌክትሪክ ፍሰት ብቻ ትፈልጋለች። እዚያ ላይ ስሱነት ሌላ ጥቅም አለው። ደንቆሮ መለኪያ የሚለካውን ነገር ራሱን ይለውጠዋል። 9 ቮልት በሁለት እኩል ባለ 20,000 ኦም ሬዚስተሮች ሲካፈል መሐሉ ላይ 4.5 ቮልት አለ። በቮልት 2,000 ኦም በሆነ ርካሽ መለኪያ፣ በ10 ቮልት ደረጃ ብትለካው 3 ቮልት ይልሃል። መለኪያው አልዋሸም፤ ራሱ ከኤሌክትሪክ ዑደቱ ፍሰት እየጠጣ ቮልቴጁን ወደ 3 አውርዶት ነው። ስለዚህ ኤሌክትሮኒክስ ላይ የበለጠ ስሱ ግዛ ስል፣ ሚዛን ላይ ደግሞ ለሥራህ የሚበቃህን ግዛ እላለሁ።

ለሥራህ የሚበቃው ስንት ነው? የምትሸጠው ቀለበትና ሀብል ከሆነ 0.01 ግራም የሚያሳይ፣ በድንጋይ የሚፈተሽ፣ ክፍሉ የተጻፈበት ሚዛን በቂ ነው። ደረሰኝ ላይም ሁለት አሃዝ ብቻ ጻፍ። ሦስተኛዋን ከጻፍክ ነገ ደንበኛው ኮምቦልቻ ወርዶ በሌላ ሚዛን ሲመዝን 2 ሚሊግራም ተለይታ ክርክር ታመጣብሃለች፤ ማንም ሳያጭበረብር። አዲሱን ሚዛን አትጣለው። ካሊብሬት ተደርጎ የወረቀቱን ፈተና ካለፈ ለብናኝ፣ ለትንንሽ ጉትቻ፣ ቅልቅል ስትሠራ እና ማዕድን ስትመዝን ጥሩ መሣሪያ ይሆንሃል። ድሮውን ባንኮኒው ላይ ተወው። በየሳምንቱ መጀመሪያ ሁለቱንም በአንድ ድንጋይ ፈትሻቸው፤ ቀኑንና ቁጥሮቹን ደብተር ላይ ጻፍ። አንዱ ቀስ እያለ ሲሸሽ ደንበኛ ሳይነግርህ ደብተሩ ይነግርሃል። ከ50 ግራም በላይ የሆነ ነገር አዲሱ ላይ አትጫን፤ ሎድ ሴል አንዴ ከአቅሙ በላይ ከጎበጠ ተመልሶ አይቃናም።

ካሊብሬት ካደረግክ በኋላ ቀለበቱ ወደ 12.46 ካልተጠጋ ግን ነገሩ ስበት አይደለም። ያን ጊዜ አምስቱን ንባቦች፣ የወረቀቱን ፈተና ውጤትና የጀርባዋን የጽሑፍ ሰሌዳ ፎቶ እዚሁ ላክልኝ። የድንጋይህ ደረጃ ምን እንደሆነም ጻፍልኝ፤ ከዚያ ተነስተን ሎድ ሴሉን እናየዋለን።